ጠፋ፣ ጎደለ፣ ባከነ፤ ጭነት ሲገባ ስለሚደክም የቤት ኤሌክትሪክ አነጋገርና ስያሜ

ስለ ቤት ኤሌክትሪክ ብልሽት የተጻፉ የእንግሊዝኛ መመሪያዎችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ «ፓወር ሎስ አንደር ሎድ» ከሚለው ሐረግ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ሳይቆም ያልፈዋል። «ፓወር» ኃይል ነው፤ «ሎስ» መጥፋት ነው፤ «ሎድ» ጭነት ነው፤ እንግዲህ «በጭነት ሥር የኃይል መጥፋት» ብሎ ይጽፍና ወደሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ይሻገራል። ቃላቱ ሁሉ አማርኛ ናቸው፤ ሰዋስዉም አልተጣሰም። ነገር ግን ሐረጉን የሚያነበው ባለቤት በቤቱ የደረሰውን ነገር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አያገኘውም፤ ምክንያቱም በቤቱ የጠፋ ነገር የለም። አምፖሉ ይበራል፤ ራዲዮው ይናገራል፤ ቆጣሪው ይቆጥራል። ምጣዱ ብቻ አልግል ብሏል።

በዚህ ጽሑፍ ሐረጉን መነሻ አድርገን፣ ጭነት ሲገባ ስለሚደክም የቤት ኤሌክትሪክ ሕዝቡ የሚናገርበትን ቋንቋና የስያሜ ሠራተኛው ሊመርጠው የሚገባውን ቃል ጎን ለጎን እንመለከታለን። አንባቢያችን የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንዲሆን አንጠብቅም፤ ሆኖም ብልሽቱ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ሳይታወቅ ቃሉ ሊመረጥ ስለማይችል፣ ስለ ሽቦና ስለ ብሎን ጥቂት ማውራታችን አይቀርም።

ነገሩን ከቦታ ጋር አያይዘን ለማየት ደጀንን እንውሰድ። ደጀን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎሐ ጽዮን በኩል የዓባይን ሸለቆ የወረደና ዳገቱን መልሶ የወጣ መንገደኛ ደጋው ላይ ብቅ ሲል የሚያገኛት የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ናት። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያልፈውና በብቸና አድርጎ ወደ ሞጣ የሚሄደው መንገድ የሚለያዩት በእርሷ ዘንድ ነው። መንገደኛ ስለማይለያት ምጣድ ሥራ አይፈታባትም። በእንዲህ ያለች ከተማ እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤት የሚያስረክቡ አንዲት እናትና የሰፈሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲነጋገሩ እንስማ። ንግግሩን ለምሳሌ ያዘጋጀነው እኛ ነን፤ ቃላቱ ግን በየቤቱ የሚሰሙ ናቸው።

«ልጄ፣ ይኸ መብራት ምን እንደ ነካው እንጃ። ምጣዱን ስሰካው ይፈዛል፤ ስነቅለው ደኅና ይሆናል።»

«እማማ፣ ጭራሽ ይጠፋብዎታል?»

«ኧረ አይጠፋም። አለ እኮ፤ ጉልበት አጣ እንጂ። ሊጡ ኮምጥጦ ሊቀርብኝ ነው።»

«ቆጣሪውስ አይጥልም?»

«አንድ ቀን ጥሎ አያውቅ።»

ከዚህ አጭር ንግግር የስያሜ ሠራተኛው ብዙ ሊማር ይችላል። በመጀመሪያ እኒህ እናት «አንደር ሎድ» የሚለውን ሐሳብ በመስተዋድድ አልገለጹትም። «ከሥር» ወይም «ከበታች» የሚል ነገር በአፋቸው አልመጣም። «ስሰካው» እና «ስነቅለው» በሚሉ ሁለት ግሦች ጊዜውንና ምክንያቱን ባንድነት አስቀምጠውታል። አማርኛ እንዲህ ያለውን ግንኙነት በግስ መናገር ይወዳል፤ ስለሆነም «በጭነት ሥር» ከማለት ይልቅ «ጭነት ሲገባ» ማለት ለቋንቋውም ለነገሩም የቀረበ ነው። ሁለተኛ፣ ሠራተኛው «ይጠፋል ወይ» ብሎ ሲጠይቃቸው ቃሉን አልተቀበሉትም። በመጥፋትና በመድከም መካከል ያለውን ልዩነት ያውቁታል፤ እንዲያውም ልዩነቱን ለማስረዳት «አለ እኮ» ብለዋል። ተርጓሚው «የኃይል መጥፋት» ብሎ የጻፈው እኒህ እናት «አይደለም» ብለው የመለሱትን ነው።

ሦስተኛው ነገር «መብራት» የሚለው ስም ነው። በዕለት ንግግራችን መብራት አምፖሉም ነው፤ በሽቦ የሚመጣውም ነው፤ የወር ሂሳቡም ነው፤ አቅራቢው መሥሪያ ቤትም ነው። «መብራት ገባልን»፣ «መብራት ሄደ»፣ «መብራት ከፈልኩ»፣ «ከመብራት መጡ» እንላለን። ለዚህ ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል፤ ለብዙው ሕዝብ ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ቤቱ የገባው በአምፖል መልክ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በሕዝቡ አፍ «መብራት ኃይል» ተብሎ ቀረ፤ ድርጅቱ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ተቋም ከሆነም በኋላ ስሙ ከአፍ አልወጣም። እንግዲህ ስሙ አንድ፣ የሚሰየመው ብዙ ሲሆን፣ ልዩነቱን የሚሸከሙት ግሦቹ ናቸው፤ ሄደ፣ መጣ፣ ጠፋ፣ ፈዘዘ፣ ደመቀ፣ ተርገበገበ፣ ደከመ። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ብዙውን ጊዜ የምንደክመው ለስሙ ነው፤ እዚህ ግን ሀብቱ ያለው በግሡ በኩል ነው።

ስለ «ፈዘዘ» አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ክር ያለው የዱሮው አምፖል ያለ መለኪያ መለኪያ ነበር። ቮልቴጁ ከመቶ 10 እጅ ሲጎድል ብርሃኑ ከመቶ 30 እጅ ያህል ይቀንስ ስለነበር ጉድለቱን ማንም ሰው በዐይኑ ያየው ነበር። አሁን በየቤቱ የገባው ኤልኢዲ አምፖል ግን በአብዛኛው በውስጡ ባለው መቆጣጠሪያ ምክንያት ቮልቴጁ ብዙ እስኪወርድ ድረስ ሳይፈዝ ይቆያል። በመሆኑም «መብራቱ ይፈዛል ወይ» ብሎ የሚጠይቅ መመሪያ ዛሬ ከብዙ ቤት «አይፈዝም» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል፤ ብልሽቱ ግን እዚያው ነው። የአሁኑ ተርጓሚ «አምፖሉ ባይፈዝም ምጣዱ ይዘገያል» የሚል ቃል ቢጨምር ከጽሑፉ ወጣ አይባልም።

አሁን ወደ ብልሽቱ እንግባ። በአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በዚህ ቮልቴጅ ወደ 16 አምፔር ይስባል። በቤቱ የማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ ሽቦውን የያዘ አንድ ብሎን ላልቶ፣ ወይም የሽቦው ጫፍ ዝጎ፣ በዚያች ነጥብ 2 ኦም ተቃውሞ ተፈጠረ እንበል። ምጣዱ ሳይሰካ በመለኪያ ቢታይ 220 ቮልት ሙሉ ይነበባል፤ የሚያልፍ ኮረንቲ ስለሌለ በላላው ቦታ የሚጎድል ነገር የለም። ምጣዱ ሲሰካ ኮረንቲው 16 መሆኑ ቀርቶ ወደ 14 አምፔር ይወርዳል። ከ220ው ቮልት 28ቱ በላላው ብሎን ላይ ይቀራል፤ ለምጣዱ 192 ብቻ ይደርሰዋል። 3,500 ዋት ይሰጥ የነበረው ምጣድ 2,700 ዋት ገደማ ይሰጣል፤ እንጀራውም ዐይን አላወጣ ይላል። በላላው ብሎን ላይ ደግሞ ወደ 390 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይወጣል። በደጀን ሥር የሚያልፈው ዓባይ ወርዶ ጉባ ላይ ሲደርስ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋዋት ለማመንጨት ይጠቀምበታል፤ የዚያን ሁሉ ኃይል ድርሻ ወደ ምጣዱ የምታሳልፈው ግን በመጨረሻ ከጥፍር የማትበልጥ ይህች ብሎን ናት። 390 ዋት ሙቀት በጥፍር ስፋት ላይ ሲያርፍ የሚሆነውን ለመገመት ምሁር መሆን አያስፈልግም።

የርእሳችን ሦስት ግሦች የሚለያዩት በዚህ ስሌት ላይ ነው። እንግሊዝኛው «ሎስ» በሚለው አንድ ቃል የሚጠራቸውን ሦስት ነገሮች አማርኛ ጠፋ፣ ጎደለ፣ ባከነ ብሎ ይለያቸዋል።

ጠፋ የምንለው ነገር ከነበረበት ቦታ የለም። መስመሩ ሲቋረጥ መብራት ይጠፋል፤ ቮልቴጁም ዜሮ ነው። በምሳሌያችን ግን የጠፋ የለም።

ጎደለ የምንለው ነገር ሙሉ መሆን የነበረበት ልክ አለው። ከቁናው እህል ሲጎድል፣ ከሂሳቡ ብር ሲጎድል፣ የሚጎድለው መጠን ተቆጥሮ ሊታወቅ ይችላል፤ ግሡ ራሱ ሙሉውን መስፈሪያ በሐሳብ ያቆመዋል። ከ220 ቮልት 28 ቮልት ጎደለ ስንል ለእንግሊዝኛው «ቮልቴጅ ድሮፕ» ከዚህ የተሻለ አቻ ልናገኝ አንችልም። አንዳንዶች «የቮልቴጅ መውደቅ» ይላሉ። ስሕተት ነው አንልም፤ ነገር ግን መውደቅ ድንገተኛ ነገርን ያሳስባል፤ ከዚህም በላይ የወደቀው ወዴት እንደ ወደቀ አይናገርም። «ጉድለት» ሲባል ደግሞ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል፤ ቃሉ ነውርን ወይም ብልሽትንም ያመለክታልና «የቮልቴጅ ጉድለት» የሚያነብ ሰው ቮልቴጁ ራሱ ተበላሸ ሊል ይችላል። በበኩላችን ይህን ሥጋት የምናስታግሠው ሁለቱን ስሞች በሥራ በመለየት ነው፤ ለነውሩ «ብልሽት»፣ በቁጥር ለሚለካው «ጉድለት» እንበል። ጉድለት ከአጠገቡ ቮልት የሚል መለኪያ ሲቆምለት አሻሚነቱ ይቀራል።

ባከነ የምንለው ነገር አልጠፋም፤ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ እንጂ። ጊዜ ይባክናል፤ ገንዘብ ይባክናል። 390ው ዋት ከቆጣሪው አልፏል፤ ባለቤቲቱም ከፍለውበታል፤ ነገር ግን እንጀራ አልጋገረም፤ የማከፋፈያውን ሳጥን አጋለ እንጂ። ለእንግሊዝኛው «ፓወር ሎስ» በዚህ ትርጉሙ «የኃይል ብክነት» ትክክለኛ አቻ ነው። ለቤቱ አደገኛው ይህ የባከነው ኃይል ስለሆነ፣ ተርጓሚው ብክነቱን «መጥፋት» ብሎ ሲጽፈው አደጋውን ከአንባቢው ዐይን ይሰውረዋል። የጠፋ ነገር አያቃጥልምና።

ሠራተኛው «ቆጣሪውስ አይጥልም?» ብሎ መጠየቁም ያለ ነገር አይደለም። «ቆጣሪው ጣለ» ማለት ከቆጣሪው ጋር ያለው ብሬከር ራሱን ዘጋ ማለት ነው። ብሬከርም ሆነ ባልቦላ የሚሠራው ኮረንቲ ከልክ ሲያልፍ ነው። በምሳሌያችን ግን ኮረንቲው ከ16 ወደ 14 አምፔር ወረደ እንጂ አልጨመረም፤ 20 አምፔር የሚችል ብሬከር ይህን እያየ ዝም ይላል፤ ብልሽቱ ለወራት ሳይታወቅ የሚኖረውም ስለዚህ ነው። ነገሩን «የኃይል ማነስ» ብሎ የተረዳ ባለቤት ደግሞ ባልቦላውን ያወፍራል፤ በተቃጠለው ባልቦላ ምትክ የመዳብ ሽቦ የሚጠመጥምም አለ። ይህ ለላላው ብሎን አንዳች አይጠቅመውም፤ ሌላ ቀን እውነተኛ አደጋ ሲመጣ ቤቱን የሚያድነውን ዘበኛ ግን ያስወግዳል። መመሪያው ላይ ያለች አንዲት ቃል ይህን ያህል ርቃ ትሄዳለች።

ስለ ዘበኛው ስም በመንገዳችን እናንሣ። ባልቦላ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ በምንጩ ቋንቋ የውኃና የእንፋሎት መክፈቻና መዝጊያንም ይጠራል። ኮረንቲም ከዚያው ነው። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን እያልን የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ቦርሳ ብንፈትሽ ግማሹን ጣልያንኛ እናገኘዋለን። እነዚህን ቃላት ከመዝገበ ቃላት ማስወጣት ከንቱ ድካም እንደ ሆነ እናምናለን። በ1988 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሲታተም የተጀመረው ሥራ ሊቀጥል የሚገባው፣ የሠራተኛውን ቃል ከመጽሐፉ ቃል ጋር በማስተዋወቅ እንጂ አንዱን በሌላው በማባረር አይደለም።

ሆኖም ከውጭ ከመጡት ቃላት መካከል በዚህ ጉዳይ ላይ ተርጓሚውን በእርግጥ የሚያሰናክል አንድ አለ፤ «ኮንታክት» ነው። በእንግሊዝኛው መመሪያ የብልሽቱ ምክንያት «ባድ ኮንታክት» ወይም «ፑር ኮንታክት» ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለት ብረቶች እንደሚገባ አልተነካኩም ማለት ነው። በአማርኛ ግን ኮንታክት ተቃራኒውን ነገር ይዟል። «እሳቱ የተነሣው በኤሌክትሪክ ኮንታክት ነው» ሲባል መነካካት የማይገባቸው ሽቦዎች ተነካኩ፣ ማለትም በእንግሊዝኛው «ሾርት ሰርኪት» የሚባለው ደረሰ ማለት ነው። ቃሉ ከ«መነካካት» ተነሥቶ «ክፉ መነካካት» ላይ ቆሟል፤ በቋንቋዎች ታሪክ እንዲህ ያለ የትርጉም መጥበብ እንግዳ አይደለም። ችግሩ በትርጉም ጊዜ ነው። «መጥፎ ኮንታክት ካለ ይፈትሹ» የሚል መመሪያ የሚያነብ የደጀን ሠራተኛ የተነካኩ ሽቦዎችን ይፈልጋል፤ አያገኝምና «ደኅና ነው» ብሎ ይሄዳል። ሁለቱ ብልሽቶች ደግሞ በጠባያቸው አይገናኙም። በአንደኛው ኮረንቲው ይፈነዳል፤ ብሬከሩ በቅጽበት ይጥላል። በሌላው ኮረንቲው ይቀንሳል፤ ማንም ሳይሰማ ብሎኑ ይግላል። በመሆኑም ለ«ፑር ኮንታክት» «የላላ መጋጠሚያ» የሚለውን እናቀርባለን፤ የዛገ ወይም የተቃጠለ ሲሆንም «የተበላሸ መጋጠሚያ» ማለት ይቻላል። «ኮንታክት»ን በተመለከተ መዝገበ ቃላቱ የሕዝቡን ትርጉም በመጀመሪያው ተራ ላይ ያስፍር፤ የምንጩ ቋንቋ ትርጉም በሁለተኛው ይከተል።

መጋጠሚያው ለምን ይላላል ለሚል አንባቢ በአጭሩ እንመልስ። ሽቦ ኮረንቲ ሲያልፍበት ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠብባል። ምጣድ በየቀኑ ሲሰካና ሲነቀል ይህ ይደጋገማል፤ መጀመሪያውኑ በደንብ ያልጠበቀ ብሎን እየላላ ይሄዳል። ከምሰሶ ወደ ቤት የሚመጣው መስመር አሉሚኒየም፣ የቤቱ ሽቦ ደግሞ መዳብ ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ አሉሚኒየም ከመዳብ ይበልጥ ይሰፋል፤ በላዩ የሚያበጀው ቆዳ ኮረንቲ አያሳልፍም፤ ሁለቱ ያለ ልዩ ማገናኛ ተጣምረው እርጥበት ሲያገኛቸው ደግሞ አሉሚኒየሙ ይበላል።

«ጭነት» ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተን ቃል ነው፤ ምክንያቱም ከአገሩ ሕይወት የተነሣ ነው። የዓባይን በረሃ በአጋሰስ የተሻገረ ነጋዴ የአጋሰሱን እግር የሚያውቀው ሜዳ ላይ በባዶ ጀርባው ሲሄድ አይደለም፤ ዳገቱን ተጭኖ ሲወጣ ነው። ጭነት ሲገባ ብቻ የሚገለጥ ድካም ማለት ይህ ነው። ሆኖም ቃሉ አንድ ጥንቃቄ ይሻል። «ከባድ ጭነት ያላቸውን ዕቃዎች ይንቀሉ» ተብሎ ሲጻፍ ክብደቱ በኪሎ የሚለካ የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። ለአራት የሚሸከሙት ፍሪጅ በኤሌክትሪክ በኩል ቀላል ጭነት ነው፤ አንድ ሰው አንሥቶት የሚሄደው ምጣድ ግን የቤቱ ትልቁ ጭነት ነው። ስለዚህ በመመሪያ ውስጥ ቃሉ ሲመጣ «ብዙ ኮረንቲ የሚስቡ» የሚል ማብራሪያ አንድ ጊዜ ቢታከልበት ይበጃል። ስበት ከጭነት ጋር መጣመሩ ለጆሮ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ሠራተኞች ግን «ይሄ ምጣድ ብዙ ይስባል» ሲሉ ምንም አይቸገሩም።

ከዚህ ጋር «ደከመ» የሚለው ግስ ይታያል። «ባትሪው ደከመ» ያላለ አማርኛ ተናጋሪ የለም። የባትሪ ድንጋይ ሲያረጅ የሚሆነው ነገር በመሠረቱ ከምሳሌያችን አይለይም፤ በውስጡ ያለው ተቃውሞ ስለሚያድግ፣ ሥራ ሳይሰጠው ሲለካ ደኅና ቮልቴጅ ያሳያል፤ አምፖል ሲሰጠው ይወርዳል። ሕዝቡ ለዚህ የተስማማ ግስ ከመረጠ ዘመን የለውም። ስለሆነም ለሐረጉ በሙሉ ስንፈልግለት የቆየነውን አቻ «ጭነት ሲገባ መድከም» እንለዋለን፤ በስም መልክ ሲያስፈልግ «የጭነት ጊዜ ድካም»። «ኃይል ማነስ» ያላልንበት ምክንያት አለ፤ አንደኛ፣ ከምንጩ ጥንቱን ያነሰ ያስመስለዋል፤ ሁለተኛ፣ «ኃይል» በአማርኛ የጦር ሠራዊትንም፣ የማመንጫ ጣቢያንም፣ በፊዚክስ ትምህርት ደግሞ ከአንድ በላይ ጽንሰ ሐሳብን ሲያገለግል ስለኖረ ጫንቃው ደክሟል።

ሠራተኞች ስለሚይዙት ቴስተር እዚህ ላይ መናገር ተገቢ ነው። በካቻቪቴ መልክ የተሠራው ቴስተር በውስጡ ያለች ትንሽ መብራት ስትበራ «አለ» ይባላል። ነገር ግን ያች መብራት የምትስበው ኮረንቲ ከአምፔር ሺኛ እጅ ያነሰ ስለሆነ፣ በላላ መጋጠሚያ ውስጥም ያለ ችግር ታልፋለች። «ቴስተሩ በራ» ማለት «ቮልቴጅ አለ» ማለት ነው፤ «ምጣድ ይችላል» ማለት አይደለም። በእንግሊዝኛው መመሪያ «ቼክ ፎር ፓወር» የሚለውን ትእዛዝ «ኃይል መኖሩን ያረጋግጡ» ብሎ የተረጎመ ሰው አንባቢውን ወደ ቴስተሩ ይልከዋል፤ ቴስተሩም «አለ» ይለዋል። እዚህ ላይ «ጭነቱ እንደ ተሰካ ቮልቴጁን ይለኩ» ተብሎ ካልተጻፈ ምርመራው ከደጅ ይመለሳል።

የመጨረሻው አስቸጋሪ ቃል «ኒውትራል» ነው። የጽሑፍ ተርጓሚዎች «ገለልተኛ ሽቦ» ይሉታል። ገለልተኛ በአማርኛ ከጠብ የራቀ፣ ወገን ያልያዘ ነው፤ ቃሉ በዓለም አቀፍ ፖለቲካ ገለልተኛ አገሮች ሲባል በሰፊው ተለምዷል። ስለዚህ «ገለልተኛ ሽቦ» የሚሰማ ሰው በነገሩ የሌለበት፣ ቢነኩት የማይጎዳ ሽቦ ይመስለዋል። እውነቱ ግን በነጠላ ፌዝ ቤት በፌዙ የገባው ኮረንቲ ሁሉ የሚመለሰው በእርሱ ነው፤ 14 አምፔር ከገባ 14 አምፔር በእርሱ ይወጣል፤ የኒውትራሉ ብሎን ቢላላም ጉድለቱና ብክነቱ አንድ ነው። የባሰው ደግሞ ለብዙ ቤቶች በጋራ በሚያገለግለው ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራሉ ሲበጠስ ነው። በሁለት ፌዞች መካከል ያለው 380 ቮልት ነው፤ መመለሻው ሲጠፋ በተለያዩ ፌዞች ላይ ያሉ ቤቶች ይህን ቮልቴጅ እንደ ጭነታቸው ይሻሙታል። ምጣድ የተሰካበት ቤት መብራት ይፈዛል፤ የጎረቤቱ መብራት ግን ከልክ በላይ ይደምቃል፤ ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ ይቃጠላሉ። «እኔ ምጣድ ስሰካ የጎረቤቴ መብራት ይደምቃል» የሚል ባለቤት ቢኖር ቃሉ ሳይለካ የተነገረ ምርመራ ነውና፣ መስመሩን ዘግቶ አቅራቢውን መጥራት እንጂ ሳጥን መክፈት አያስፈልገውም። ለቤት ሥራ መመሪያ «መላሽ ሽቦ» ብንል ተግባሩን ይገልጻል፤ ሆኖም በሦስት ፌዝ ጭነቱ እኩል ሲሆን በኒውትራሉ የሚመለስ ኮረንቲ ስለማይኖር ስሙ በሁሉ ቦታ አይጸናም። እስከዚያው «ኒውትራል» ብሎ መተው «ገለልተኛ» ከማለት ይሻላል። (የ«ፌዝ» ነገር ሌላ ጣጣ ነው። «ፌዝ የለም» ብሎ ሠራተኛው ሲናገር ከአጠገቡ የቆመ ሰው «እኛም አላፌዝንም» ቢለው አይፈረድበትም፤ ቃሉ ግን በሥራው ቦታ ማንንም አሳስቶ አያውቅምና እንተወዋለን።)

ሕዝቡ ያለ ኮሚቴ ያወጣውን አንድ ስም ሳናመሰግን ማለፍ አንፈልግም። በ2011 ዓ.ም. የግቤ ሦስተኛ ግድብ ውኃ ቀንሶ መብራት በተራ ሲታደል፣ በእንግሊዝኛ «ሎድ ሼዲንግ» የሚባለውን ሁሉም ሰው «ፈረቃ» አለው። ቀድሞም በዚያው ስም ይጠራ ነበር። የፋብሪካና የትምህርት ቤት ቃል ተወስዶ ያለ ትርጉም ችግር ሥራ ላይ ዋለ። ለእንግሊዝኛው «ባክአፕ» ደግሞ የከተማችን ስም ራሱ ሊያገለግል ይችላል። ደጀን ከግንባሩ ጦር ኋላ ሆኖ የሚረዳ ኃይል ነውና፣ ዋናው ሲቋረጥ የሚተካውን ጀነሬተር ወይም ባትሪ «ደጀን ኃይል» ማለት ለጆሮ የከበደ አይመስለንም።

ቃላቱ በአንድነት ሲሠሩ እንዴት እንደሚነበቡ ለማሳየት፣ ለቤት ባለቤት ሊጻፍ የሚገባውን የመመሪያ ክፍል እንደሚከተለው አዘጋጅተነዋል።

«ምጣድ ወይም ሌላ ብዙ ኮረንቲ የሚስብ ዕቃ ሲሰካ የቤቱ ኤሌክትሪክ የሚደክም ከሆነ፣ በመጀመሪያ ድካሙ በአንድ ሶኬት ብቻ፣ በቤቱ ሁሉ፣ ወይም በጎረቤትም ጭምር መሆኑን ይለዩ። በአንድ ሶኬት ብቻ ከሆነ ብልሽቱ በሶኬቱ ወይም ወደ እርሱ በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው። በቤቱ ሁሉ ከሆነ በማከፋፈያው ሳጥን፣ በቆጣሪው ወይም ከምሰሶ በሚመጣው መስመር ላይ ይፈለጋል። በጎረቤትም ከሆነ፣ ይልቁንም በማታ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት የሚብስ ከሆነ፣ የሰፈሩ መስመር ወይም ትራንስፎርመር ጭነት በዝቶበት ሊሆን ይችላል። የማከፋፈያው ሳጥን ቢሞቅ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ቢሸት፣ ወይም የመጥበስ ድምፅ ቢሰማ ምጣዱን ወዲያው ይንቀሉ፤ ዋናውን ብሬከር ይዝጉ። ሳጥኑን ራስዎ አይክፈቱ። የሚጠሩት ባለሙያ ቮልቴጁን ጭነት ሳይገባና ጭነት ሲገባ ለይቶ ይለካል፤ ጭነቱ እንደ ገባም በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሁለት ጎን መለኪያውን ያሳርፋል። ደኅና መጋጠሚያ ከዜሮ እምብዛም የማይርቅ ጉድለት ያሳያል፤ ብዙ ቮልት የጎደለበት መጋጠሚያ ላልቷል ወይም ተበላሽቷል። ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመርና የታሸገው ክፍል የአቅራቢው ነው። ባልቦላ ማወፈር ወይም ትልቅ ብሬከር መተካት ለዚህ ብልሽት መድኃኒት አይደለም።»

በዚህ ጽሑፍ «ተቃውሞ» የሚለውን ለእንግሊዝኛው «ሬዚስታንስ» አቻ አድርገን ተጠቅመንበታል፤ ሰላማዊ ሰልፍን የሚያሳስብ በመሆኑ ያልተደሰቱበት ባልደረቦች አሉ፤ ከእኛም መካከል አንዱ ነው። «የማከፋፈያ ሳጥን» ያልነውም በየከተማው ሌላ ሌላ ስም አለው። በብቸና፣ በሞጣና በደብረ ማርቆስ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የላላ መጋጠሚያን፣ የሚሞቅ ብሎንንና ምጣድ ሲሰካ የሚደክም መስመርን የሚጠሩበትን ቃል የሚያውቁ አንባብያን ቃሉን ከተነገረበት ዐረፍተ ነገር ጋር ጽፈው ቢልኩልን በሚቀጥሉት እትሞች እናወጣዋለን።